ተራ ቁጥር አራት

ፀሐይ ለሁሉም እኩል ትወጣለች የሚሉት ነገር አፍንጮ በር ላይ አይሠራም። መምህር ገዛኸኝና እትዬ አሰፋች የሚኖሩበት ቤት ድሮ የአንድ ሰው ነበር አሉ። ኋላ በግድግዳ ተከፍሎ ለሁለት ባለይዞታ ሲደርስ፣ ወደ ሰሜን ያዘነበለው ጣሪያ ለገዛኸኝ፣ ወደ ደቡብ ያዘነበለው ለእትዬ አሰፋች ሆነ። ማን ልብ ብሎት! ጣሪያ ካላፈሰሰ በቀር ማን ቀና ብሎ ያየዋል?

ልብ ያለው፣ ገዛኸኝ ሶላር ሊያስተክል የጠራው መሐንዲስ ዓብይ ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ መሰላል አስደግፎ ወጣ፣ ለካ፣ ስልኩን ወዲያ ወዲህ አዞረ፣ ከዚያ ሱሪውን እያራገፈ ወረደ።

«መምህር፣ የእርስዎ በኩል አይረባም። የዓመቱ ፀሐይ አብዛኛው ያለው እትዬ ጋ ነው።»

«ታዲያ እንጠይቃቸዋለና! እትዬ አሰፋች እኮ ለኔ እናት ናቸው።»

«ቆይ፣ ሌላም አለ። መሐል ላይ ያቺ ብርሃን የምታስገባው ፕላስቲክ ቆርቆሮ አለች አይደል? ሶላሩ የሚቀመጠው እሷ ላይ ነው። ተነቅላ በደህና ቆርቆሮ ካልተተካች ክብደቱን አትችልም። እኔም ፕላኑ ላይ አልፈርም፣ የወረዳው ሰዎችም ፈቃድ አይሰጡዎትም።»

ገዛኸኝ ቀና ብሎ አየ። ያቺን ፕላስቲክ አሳምሮ ያውቃታል።

እትዬ አሰፋች ሠላሳ ዓመት አትክልት ተራ ሽንኩርት ያከፋፈሉ ሴት ናቸው። በድምፃቸው ብቻ አንድ አይሱዙ ያስቆሙ ነበር። ዓይናቸው ሲደክም ንግዱን ተዉት። ከዚያ ደግሞ ጎረቤት ፎቅ ሲያቆም መስኮታቸው ላይ ግንብ ተገተረና ክፍላቸው ጨለመ። ያቺን አንድ ሜትር የማትሞላ ፕላስቲክ ጣሪያው ላይ ያስገቡት ያኔ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ብርሃኗ ወለሉ ላይ ትወርዳለች። እትዬ ወንበራቸውን ከሥሯ አድርገው ምስር ይለቅማሉ፤ ብርሃኗ ፈቀቅ ስትል ወንበሩን ይዘው ፈቀቅ ይላሉ። ሰዓት ጠይቀው አያውቁም። ወንበራቸው የት እንደደረሰ ካወቁ ይበቃቸዋል።

አሁን ገዛኸኝን ሳትሰሙት አትፍረዱበት። ልጁ ማራናታ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ስኳር አለባት፣ በየቀኑ ኢንሱሊን ትወጋለች። ግንቦት ላይ መብራቱ ሲሄድ ሲመጣ፣ ፍሪጁ አንዴ በረዶ አንዴ ለብታ እየሆነ የሁለት ወር መድኃኒት አበላሸ። ማንም አላወቀም። ያንኑ ስትወጋ ሰንብታ ልጅቱ ራሷን ስታ ሆስፒታል ገባች። ሐኪሙ «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። ይህን የሰማ አባት ከዚያ በኋላ ሶላር ሶላር እያለ ቢያብድ ምን ይገርማል?

ፈቃዱ ግን ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። የይዞታ ማረጋገጫ አምጣ ተባለ፤ አመጣ። የጣሪያ ፕላን አምጣ ተባለ፤ አመጣ። ፕላኑ በሦስት ኮፒ ነው ተባለ፤ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ወርዶ ኮፒ አስደርጎ ሲመለስ ምሳ ሰዓት ሆኗል፣ ነገ ይምጡ። በመጨረሻ ፋይሉን የያዘው ሠራተኛ፣ ፍትዊ የሚባል ሥርዓት ያለው ሰው፣ ከመሳቢያው አንድ ቅጽ አወጣለት።

«ይሄ የጎረቤት ስምምነት ነው፤ ጣሪያው የጋራ ስለሆነ። አራቱንም ነጥብ አንብበው ይፈርሙ።»

«ዓይናቸው በደንብ አያይም።»

«እንግዲያው ያነበበላቸው ሰው እዚህ ታች ‹አንባቢ› የሚለው ላይ ስሙን ጽፎ ይፈርማል። ኃላፊነቱ የአንባቢው ነው።»

«እኔ አነብላቸዋለሁ» አለ ገዛኸኝ። «ሁልጊዜም የማነብላቸው እኔ ነኝ።»

ይሄ እውነት ነው። እትዬ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል የቆጠሩ ሰው ናቸው፤ ግን ዓይናቸው ማንበብ ካቆመ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ የውሃ ቢል ይምጣ፣ የእድር ጥሪ ይምጣ፣ ከአገር ቤት ደብዳቤ ይምጣ፣ ግድግዳውን ሦስት ጊዜ ኳ ኳ ኳ ያደርጋሉ። ገዛኸኝ የያዘውን ጥሎ ይሄዳል። ደግሞ ሲያነብ! የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች እሁድ እሁድ ቃሉን እሱ ካላነበበላቸው ጉባኤው የጎደለ ይመስላቸዋል። አንብቦ ሲጨርስ እትዬ ወረቀቱን ይቀበሉና አልጋቸው ሥር ካለችው የቆርቆሮ ሳጥን ይከቱታል። «አንተ ካነበብከው በቃ፣ ማኅተም ነው» ይላሉ።

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንዲት መስመር ብቻ ዘሏል። የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። የዓይን ሐኪም ቤት የሰጣቸው ወረቀት ነበር፤ ቀኝ ዓይናቸው በቀዶ ጥገና እንደሚድንና ወረፋ እንደተያዘላቸው ይናገራል። ከሥሩ ደግሞ የግራው ዓይን ነርቩ ስለሞተ ተስፋ የለውም የሚል አለበት። ገዛኸኝ እዚያች ላይ ሲደርስ ሳል አነቀው። እትዬ እየዳበሱ ውሃ ቀድተው ሰጡት። ጠጣና ወደሚቀጥለው አለፈ። ለአንዲት ብቸኛ አሮጊት ደግ የዋለላቸው መሰለው። አይ ደግነት! ሰው መዝለል የሚለምደው እንዲህ ነው።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ባባራበት አንድ ጠዋት፣ ገዛኸኝ ቅጹን ይዞ ገባ። ብርሃኗ ወለሉ ላይ ወርዳለች፣ እትዬም ከሥሯ ተቀምጠዋል።

«ለማራናታ ነው አይደል?» አሉ ገና ሳይጀምር። «ለሷማ ጣሪያውን ነቅላችሁ ውሰዱት!»

ይሄን የሰማ ሰው ምን ያስፈራዋል? እሱ ግን ፈራ። ሰው በአፉ የሰጠውን በወረቀት ሲጠይቁት ይሰስታል ብሎ አሰበ። «ብርሃኔንማ አልሰጥም» ቢሉስ? «እስቲ ልሰብበት» ቢሉስ? ሲያስቡበት ክረምቱ ያልቃል፣ ፋይሉ ይዘጋል፣ የልጁ መድኃኒት እንደገና ይበላሻል። ኋላ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ፣ ከሶላሩም ሽቦ ስቤ አምፖል አበራላቸዋለሁ አለ በሆዱ። ሆድ ሰበብ አያጣም።

አንደኛውን አነበበ፤ ሶላሩ በጣሪያቸው ላይ እንዲቀመጥ ተስማምተዋል። ሁለተኛውን አነበበ፤ ሠራተኞች መውጣት ይችላሉ። ሦስተኛውን አነበበ፤ ለጥገና አይከለክሉም። ተራ ቁጥር አራት እንዲህ ይል ነበር፦ «በተስማሚዋ ክፍል ላይ ያለው ብርሃን አስገቢ ቆርቆሮ ተነሥቶ በሙሉ ቆርቆሮ ይተካል።» ዓይኑ አየው። አፉ ግን ከሦስት ተነሥቶ «ከላይ የተዘረዘረውን ተረድቼ ፈርሜያለሁ» ወደሚለው ተሻገረ። ሳል የለ፣ መንተባተብ የለ። እንዲያውም የዚያን ቀን ድምፁ ከእሁዱም የተሻለ ነበር።

«አቤት ስታነብ!» አሉ እትዬ። «የመንግሥት ወረቀት እንኳ ባንተ አፍ መዝሙር ይመስላል።»

ብዕሩን አስያዛቸው፣ ጣታቸውን ከመስመሩ ላይ አስቀመጠላቸው፤ አሰፋች የሚለውን ፊደል በፊደል ጻፉ። ከሥሩ እሱ፣ «አንባቢ» በሚለው ላይ፣ ስሙን አሳምሮ ጻፈ።

ፍትዊ ቅጹን ሲቀበለው ቀና ብሎ አየውና «አራቱንም አንብበውላቸዋል?» አለ።

«አዎን።»

ማኅተሙ ዱብ አለ። ገዛኸኝ ደረጃውን ወርዶ ፒያሳ ድረስ በእግሩ ሄደና አንድ ካፌ ባንኮኒ ላይ ተደግፎ ማኪያቶ አዘዘ። ሳይጠጣው ወጣ። በሚቀጥለው እሁድ ጉሮሮዬን አሞኛል ስላለ ቃሉን ሌላ ሰው አነበበ።

ፈቃዱ ጳጉሜን ላይ ወጣ። ሥራውን ግን ለመስከረም አሥራ ሦስት የቀጠረው ገዛኸኝ ራሱ ነው። ጉራጌ ለመስቀል አገሩ ካልገባ መስቀል መስቀል አይመስለውም፤ እትዬም በየዓመቱ ሁለት ሳምንት እህታቸው ዘንድ ይሰነብታሉ። በአሥራ ሁለት ሻንጣቸውን ተሸክሞ እስከ መኪናው ሸኛቸው። «ስመለስ መብራትህን አያለሁ» ብለው አገላብጠው ሳሙት። በማግስቱ ዓብይና ሠራተኞቹ ጣሪያው ላይ ነበሩ። ያቺ ፕላስቲክ ስትነቀል ማየት ስላልፈለገ፣ ክፍለ ጊዜው ገና ሳለ ትምህርት ቤት ሄደ።

እትዬ መስከረም ሃያ ስድስት ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። መብራት ከቀደመው ቀን ጀምሮ ጠፍቶ ነበር፣ ለቀናትም አልተመለሰም፤ የገዛኸኝ ፍሪጅ ግን እያጉረመረመ ይሠራል። አሁኑኑ እነግራቸዋለሁ ብሎ ሄደ። እሳቸው ግን አፍ ሳያስከፍቱት ለማራናታ ያመጡትን ቅቤ አሸከሙት፤ «ልጄ ዳነችልኝ!» እያሉ ያለቅሳሉ። ቅቤውን ይዞ ተመለሰ። ነገ ይደርሳል አለ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከግድግዳው ወዲያ የወንበር ድምፅ ሰማ። ተጎተተ፤ ቆመ። ደግሞ ተጎተተ፤ ቆመ። ወደ በሩ ሄደ፣ ወደ አልጋው ተመለሰ። ብርሃኗን እየፈለጓት ነበር። ገዛኸኝ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ተነሥቶ መሄድ ነበረበት። አልሄደም። ለሰው እንደዚህ ያለ ፈሪ መሆን ያሳፍራል፤ እሱም አፈረ፣ ግን አልሄደም።

በሁለተኛው ቀን የዓይን ጠብታ ሊጨምርላቸው ሲገባ፣ ከአልጋቸው እግር እስከ በሩ እጀታ ገመድ ተወጥሮ አገኘ።

«ይሄ ምንድን ነው እትዬ?»

«መለማመድ ነዋ» አሉ። «ውጭ ስወጣ ትንሽ ጭላንጭል አለኝ፤ ቤቴ ስገባ ግን ድርግም። ለሰው ሸክም ሳልሆን ልልመደው።» ደግሞ ሳቅ ብለው «በል ዝም አትበል፣ አንተን ለማስለቀስ አይደለም» አሉት። ገዛኸኝ ጠብታውን ቀኝ ዓይናቸው ውስጥ ሲያንጠባጥብ ግማሹ ጉንጫቸው ላይ ፈሰሰ።

በሦስተኛው ቀን ግድግዳው ኳ ኳ ኳ አለ።

ወረቀትና እስክሪብቶ አዘጋጅተው ጠበቁት። «ዛሬ አታነብም፣ ትጽፍልኛለህ» አሉ። «ለዓይን ሐኪም ቤት ነው። ኅዳር ላይ የያዙልኝን ወረፋ ለሌላ ሰው ይስጡልኝ በል።»

«ለምን? ለምን እትዬ?»

«ቀኙም ሄደልህ። በሞተ ዓይን ወረፋ ይዞ የሚያይ ሰው መከልከል ኃጢአት ነው። ስንት ወጣት ይጠብቃል። ጻፍ።»

ገዛኸኝ «ለ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በላይ እጁ እምቢ አለው። አንድ መስመር ዘሎ ብርሃናቸውን ወሰደ፤ አሁን አንድ መስመር ቢጽፍ ደግሞ ዓይናቸውን ሊወስድ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለእሱ ግን ያደረው እውነት ይብስ ጠቆረበት። ከኪሱ የስምምነቱን ኮፒ አወጣ። ለሦስት ቀን ይዞት ዞሯል።

«እትዬ፣ ዓይንዎ አልሄደም።»

«ተው አታጽናናኝ።»

«አላጽናናዎትም። የሐምሌውን ወረቀት አንዴ ልድገምልዎት።»

አነበበ። አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ከዚያም ተራ ቁጥር አራትን ከነሙሉ ቃሉ አነበበ። ፕላስቲኳ እንደተነቀለች፣ እሳቸው ለመስቀል ሲሄዱ ጠብቆ እንዳስነቀላት፣ ሦስት ቀን ሙሉ ወንበራቸውን ሲጎትቱ እየሰማ ዝም እንዳለ ነገራቸው። እግራቸው ላይ ወደቀ። እትዬ አላነሡትም፣ አልገፉትምም። ወደ ጣሪያው ቀና አሉ።

«ዓይኔ አለ ማለት ነው» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ፤ አይሱዙ የሚያስቆመው የድሮው ድምፃቸው ነበር። «ብትጠይቀኝ እምቢ እልህ ነበር?»

«አላውቅም እትዬ። ፈራሁ።»

«እኔም አላውቅም። እንዳላውቀው አደረግከኝ።» ገመዱን በእጃቸው ዳበሱት። «ሌላ የዘለልከው አለ?»

የሐኪም ቤቷ ወረቀት ትዝ አለችው። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ የግራ ዓይንዎ ሞቷል ብሎ ይጨምርላቸው? ወይስ ለራሱ አዝኖ ነው? ለይቶ አላወቀውም።

«የለም» አለ።

ከዚያ በኋላ ግድግዳው ዝም አለ። ገዛኸኝ በማግስቱ ዓብይን እየጎተተ ጣሪያው ላይ አወጣው። ከአራቱ ሶላር ሁለቱ ቢወርዱ የቀሩት ለፍሪጁ ይበቃሉ፣ ፕላስቲኳም ቦታዋን ታገኛለች ተባለ። ፍትዊ ጋ ሄዶም ያደረገውን ሳይሸሽግ ነገረው። ፍትዊ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ አልተቆጣም፤ ያ ባሰበት። «ማሻሻያ ይጠይቃሉ» አለው። «አዲስ ፕላን፣ አዲስ የጎረቤት ስምምነት። አንባቢው ግን ሌላ ሰው ቢሆን ይሻላል፣ መምህር።»

ቅዳሜ ጠዋት አዲሱን ቅጽ ይዞ የእትዬን በር አንኳኳ። እትዬ ቅጹን በጣታቸው ዳሰሱትና «ሁዳን ጥራልኝ» አሉ። ሁዳ የግቢው በር ላይ ያለችው ሱቅ ባለቤት ናት፤ ቁጥብ ሴት፣ አፏ ከሥራዋ የማይቀድም። «ሳጥኔንም አውጣልኝ። ውጭ እንቀመጥ፤ እዚህማ ጨለማ ነው።»

ሦስቱ ግቢው መሐል ፀሐዩ ላይ ተቀመጡ። ሁዳ መጀመሪያ አዲሱን ቅጽ ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ ቁጥሩን ሳይቀር። እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሳጥኑን ወደ ሁዳ ገፉት።

«አሁን ደግሞ እነዚህን።»

«ሁሉንም?» አለች ሁዳ፤ ሱቋን ዞር ብላ አየች።

«ሁሉንም። አሥራ አንድ ዓመት ምን ሲነበብልኝ እንደኖረ ልስማ። አንተም ተቀመጥ።»

ሁዳ አነበበች። የእድር ጥሪ። «ልክ ነው፣ እንዲሁ ነው ያነበበልኝ» አሉ እትዬ። የውሃ ቢል። «ልክ ነው።» የእህታቸው ደብዳቤ፣ ላሟ የወለደች ጊዜ። «ልክ ነው፣ አንዲት ቃል አልጎደለም።» በየወረቀቱ ልክ ነው ሲሉ ገዛኸኝ ይብስ ያነሰ መሰለው፤ ያ ሁሉ እምነት ምን ያህል እንደነበር አንድ በአንድ እየተቆጠረለት ነው። ከሳጥኑ ውስጥ ሰማያዊ ማኅተም ያለባት የሐኪም ቤቷ ወረቀት ስትወጣ አያት። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ሁዳ አፏን ከመክፈቷ በፊት ተነሣ።

«እሷን እኔ ላንብባት።»

ሁዳ ወደ እትዬ አየች። እትዬ «ስጪው» አሉ።

አነበበ። የቀኙን አነበበ። እዚያች መስመር ላይ ሲደርስ ጣቱን ከመስመሯ ላይ አድርጎ «የግራው ዓይን ነርቩ ስለሞተ ተስፋ የለውም» ብሎ አነበበ። ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

«እትዬ፣ ባለፈው ሲጠይቁኝ የለም ያልኩት ዋሽቼ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ እትዬ አሰፋች። «ዓይኑ የኔ አይደል? ያኔውኑ አውቄዋለሁ። ስትዘላት ሳል አነቀህ፤ ውሃ ሰጠሁህ። ይሄ ሰው ልቡ አላስችል አለው ብዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያች ሳል ወድጄሃለሁ።»

ገዛኸኝ ወረቀቱን እንደያዘ ቀረ። ደብዳቤውን ሲያጽፉት «ቀኙም ሄደልህ» ያሉት ቃል አሁን ገና ገባው።

«የሐምሌዋን ስትዘል ግን» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ፀሐይዋ አዙረው፣ «ድምፅህ እንዴት ያምር ነበር!»

እትዬ እጃቸውን ዘርግተው አዲሱን ቅጽ ፈለጉ፣ እስክሪብቶውን ተቀበሉ፣ ስማቸውን ጻፉ። ከዚያ ቅጹን ለሁዳ አቀበሏት።

«እዚህ ታች አንባቢ የሚል አለ» አሉ። «እዚያ ላይ ስምሽን ጻፊ።»